ሲቀዘቅዝ የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚያምፅ ፖምፓ

ያለፈው እሑድ ትንሿ የእንፋሎት ባቡሬ እኔን እየጎተተች የክለቡን ሐዲድ ደጋግማ ስትዞር በእጅ ፖምፓ አንዴም ውሃ አልሰጠኋትም፤ የራሷ ፖምፓ ሞላላት። ለሌላው ሰው ይህ ወሬ አይሆንም። የእንፋሎት ሞተር የሚነካካ ሰው ግን ይገባዋል፤ ይህችው ባቡር ከዚያ በፊት ሁለት ዙር ሳትጨርስ የቦይለሯን (የውሃ ማፍያ ጋኗን) የውሃ ልክ በሚያሳየው መስታወት ውስጥ ውሃው ቁልቁል እየወረደ ልቤን ስታወልቀው ነው የከረመችው።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ነው። እዚህ ኬልሃም አይላንድ ሙዚየም ውስጥ በ1905 የተሠራ፣ 12,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የሪቨር ዶን ሞተር አለ፤ ዛሬም በእንፋሎት ያንቀሳቅሱታል። እሱን አይቼ ተለከፍኩ። መጀመሪያ በደረቅ ነዳጅ ቁራጭ የምትሠራ ማሞድ የሚባል ኩባንያ የሠራት መጫወቻ የእንፋሎት ሞተር ገዛሁ፣ ቀጥሎ ስቱዋርት 10ቪ የምትባለውን ቋሚ ሞተር (የሲሊንደሯ ውስጥ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ነው) በአሮጌ ቶርኖ ላይ ቀረፅኩ። ከዚያ ሌላ ሰው ጀምሮ የተዋትን ስፋቱ 3½ ኢንች፣ ማለትም 89 ሚሊ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ የምትሄድ፣ ከሰል የምትበላ ባለአራት ጎማ ባቡር አገኘሁ። ቦይለር አልነበራትም።

ቦይለሯን አልሠራሁም፣ ገዛሁ። ክለቡ ውስጥ «ቦይለሩን ያልሠራ ባቡር ሠራሁ አይበል» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በ80 ፒ.ኤስ.አይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ የግፊት መለኪያ ነው) ያለ እንፋሎት 162 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። ተራው የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ ደግሞ 183 ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር ለቦይለር ስፌት አይታመንም። ከ600 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ ባለብር መበየጃ መያያዝ አለበት፣ ለዚያም የመዳቡ ገላ በሙሉ እስኪቀላ መጋል አለበት። ጀማሪ ይህን ሌላ ነገር ላይ ይለማመደው። የገዛችሁትም ቢሆን እሳት ከማየቱ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ይፈተን፤ አዲስ ከሆነ በሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ የእኔ በ160 ነው የተፈተነው። በአየር የሚፈትን ሰው ካያችሁ ግን ራቁ። ውሃ ስለማይታመቅ ስፌቱ ቢለቅ ጢቅ ብሎ ያበቃል፤ የታመቀ አየር ይፈነዳል።

ወደ ፖምፓው ልምጣ። የሚነዳው ከአክስሉ ነው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ፖምፓው ውስጥ ያለው ዘንግ አንዴ ይስባል፣ አንዴ ይገፋል። ከታች አንድ ብይ፣ ከላይ አንድ ብይ አለ፤ ቀዳዳ ላይ ተቀምጠው የሚዘጉ ትንንሽ ኳሶች ናቸው። ሲስብ የታችኛው ተነሥቶ ከታንከር ውሃ ያስገባል፣ ሲገፋ የላይኛው ተነሥቶ ወደ ቦይለር ያሳልፋል። ቦይለሩ መግቢያ ላይም ውሃው እንዳይመለስ የሚዘጋ ሌላ ብይ አለ። ሥራው ይኸው ነው። ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ ባቡሯን በእጄ ስገፋት ውሃው እየተግተለተለ ይገባል። እሳት ነድዶ የግፊት መለኪያው 80 ሲደርስ ግን ፖምፓው ጭጭ።

ያማከርኩት ሁሉ «የዘንጉን ማሸጊያ ቀይር» አለኝ። ቀየርኩ። የመሳቢያውን ቧንቧ ቀየርኩ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፤ ያው ነው። ፖምፓው የገፋውን ውሃ ወደ ታንከር የሚመልሰውን ቧንቧ ከፍቼ አየሁ፣ አረፋ የለም። አየር እየሳበ አይደለም ማለት ነው። ፍንጩን ያገኘሁት ከሩጫ በኋላ ፖምፓውን በእጄ ስነካው ነው፤ ያቃጥላል። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚያልፍበት ዕቃ ስለምን ይግላል? ብዮቹ በደንብ ስለማይዘጉ ከቦይለሩ የፈላ ውሃ እየተመለሰ ስለሚገባ ነው። ያ ውሃ ፖምፓው ውስጥ ግፊቱ ሲለቀው ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፣ ዘንጉ ሲስብ የሚሞላው እንፋሎት እንጂ ውሃ አይደለም።

አየር ገብቶ ቢቀርም እንደዚያው ነው። የከባቢውን አየር ጨምረን ስናሰላ 80 ፒ.ኤስ.አይ ከውጭው አየር 6.4 እጥፍ ግፊት ነው። በግርድፉ፣ ፖምፓው ውስጥ ያለው አየር ወደ አንድ ስድስተኛ ተጨምቆ ካላለፈ የላይኛው ብይ ንቅንቅ አይልም። ዘንጉ ገፍቶ ሲጨርስ ከፊቱ የሚቀረው ባዶ ቦታ በአንዴ የሚገፋውን መጠን አንድ አምስተኛ ካከለ፣ አየሩ ሲታመቅና ሲለጠጥ ይውላል እንጂ አይወጣም። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የሚቋቋመው ግፊት ስለሌለ ጉዳዩ አይታወቅም።

ስለዚህ ዘንጉ ጫፍ ላይ የነሐስ ቁራጭ ጨምሬ ባዶውን ቦታ ሞላሁት። የብዮቹንም መቀመጫዎች እንደገና ሠራሁ፤ ቀዳዳው 1/8 ኢንች፣ በሪመር (ቀዳዳ በሚያስተካክል መቁረጫ) ጠርዙ ስል ሆኖ የወጣ፣ ብዩ 3/16 ኢንች የማይዝግ ብረት። አሮጌ ብይ አስቀምጦ በነሐስ ዘንግ አንዴ ብቻ በመዶሻ ኳ ማድረግ፣ ያንን ብይ ጥሎ አዲስ ማስገባት። ቫልቭ የሚፈጭበትን ሻካራ ቅባት ግን እንዳታስጠጉ! ስሉን ጠርዝ ያሰፋዋል፣ ሰፊ መቀመጫ ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። ብዩ ከመቀመጫው የሚነሣው የቀዳዳውን ስፋት ሩብ፣ 1/32 ኢንች፣ ይብቃው፤ በዚያ ከፍታ በዙሪያው የሚያልፍበት ቦታ ከቀዳዳው ጋር እኩል ነው። ከዚያ በላይ ከተነሣ ለመዝጋት ይዘገያል።

ከሁለቱ የትኛው እንደፈወሳት አትጠይቁኝ፣ ባንድ ቀን ነው ያደረግኳቸው። ለመሳቢያው በኩል የጎማ ብይ የሚያደርጉ አሉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይሠራል ይላሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ምክንያቴም ከግትርነት አያልፍም።

አገር ቤት ሆናችሁ መጀመር የምትፈልጉ፣ እንደኔ በከባዱ አትግቡ። የ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድና በጋዝ የምትሠራ ትንሽ ባቡር ግቢ ውስጥ ይበቃል። የአሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ስፋት አንድ ሜትር ስለነበር፣ በ1 ለ22.5 ስታሳንሱት 45 ሚሊ ሜትር ላይ ልክ ይቀመጣል። ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ።

የሚቀጥለው ሥራዬ ኢንጄክተር ነው፤ አንሪ ዢፋር በ1858 ያወጣው፣ የቦይለሩን እንፋሎት ተጠቅሞ ያለምንም ተንቀሳቃሽ ዘንግ እዚያው ቦይለር ውስጥ ውሃ የሚከት ዕቃ። ይህንንም እገዛለሁ፤ ለባቡሬ የሚሆነው ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፣ ዓይኔም እጄም አይችሉትም። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከሞቀ እምቢ ይላል። ከእናንተ መካከል በዚህ መጠን ያለ ኢንጄክተር በጋ ላይ ያሠራ ካለ፣ የታንከሩ ውሃ ስንት ዲግሪ ሲደርስ እንዳስቸገረው ይንገረኝ።