የጥንት ፉቲ ተጫዋች ታሪክ ስትጽፉ ከሰንጠረዡ አትጀምሩ

ሜልበርን ላሉ ልጆቻችን የጥንቱን የፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ተጫዋች የአልበርት ተርጉድን ታሪክ በአማርኛ ጽፌ ጨረስኩ። ፉቲ ፉቲ ሲሉ ይውላሉ፤ ስለ ጥንቶቹ ግን የሚነግራቸው የለም። ይህን ሥራ ለምታስቡ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋዜጣ ማግኘቱ ቀላል ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን ትሮቭ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ያስነብባል።

ያንገበገበኝ የሊጉ (የዛሬው ኤ.ኤፍ.ኤል፣ ዋናው የፉቲ ውድድር) የጨዋታና የጎል ሰንጠረዥ ነው። ያማከርኳቸው ሰው "ከሊጉ ይፋዊ መዝገብ ጀምር" አሉኝ። ከፈትኩት። ተርጉድ ስሙን የተከለባቸው ዓመታት የሉም! የሊጉ ቆጠራ የሚነሳው ከ1897 ነው። ስምንት ክለቦች ከቀድሞው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ማኅበር ተገንጥለው የራሳቸውን ውድድር የጀመሩት ያኔ ነዋ። ተርጉድ ግን ለሜልበርኑ ክለብ ለኤሰንደን መጫወት የጀመረው በ1892 ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከ50 በላይ ጎል አገባ፤ ሦስቱንም ዓመት ኤሰንደን ዋንጫ በላ። በ1893 ደግሞ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ይህ ሁሉ በሊጉ ሂሳብ ዜሮ ነው። እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ሄዶ ለፍሪማንትል ተጫወተ። በ1898 ተመለሰ፤ የዚያ ዓመት መስመሩም ባዶ ነው። ጉዳት ይሆናል ብላችሁ እንዳታልፉት። ሊጉ የመጫወቻ ፈቃድ ከልክሎት ነው! በጉልበቱ ያለን ሰው ዓመቱን ሙሉ ዳር አስቀመጡት። ሰንጠረዥ ይህን በደል አይነግራችሁም።

ጎሎቹንም ከዛሬ ጋር አታወዳድሩ። ከ1897 በፊት ቢሃይንድ (ኳሷ በጎሉ ቋሚና በዳሩ ቋሚ መካከል ስታልፍ) ይመዘገባል እንጂ ለውጤት አይቆጠርም ነበር። አንድ ነጥብ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ከሰኞ ጋዜጣ ጀምሩ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ጋዜጣ የለም፣ ዘገባው ሰኞ ይወጣል። በስሙም ብቻ አትፈልጉ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ቀለሙ የተድበሰበሰበት ዓምድ ላይ የጋዜጣውን ምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ማሽን "ተርጉድ"ን ሌላ ስም አድርጎ ያነበዋል። በቀኑና በተጋጣሚው ቡድን ስም ፈልጉ፤ ከዚያ ምስሉን አጉልታችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። አድካሚ ነው፣ ግን አያታልልም።

የምኮራበት ምዕራፍ የ1901 ፍጻሜ ነው። ኤሰንደን ኮሊንግውድን ሲያሸንፍ ካገባቸው 6 ጎሎች 3ቱ የተርጉድ ናቸው። ይህንንስ ሊጉም ቆጥሮለታል።