መጥሪያ ሳይደርሰኝ የገባሁበት ፍርድ ቤት

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ መልስ የለኝም። በፍርድ ቤት የምከራከርበት የአባዬ ቤት ጉዳይ እንደሁ ያው ነው፤ "መዝገቡ ተመርምሮ አላለቀም" ተባለና ለሐምሌ ተቀጠረ። ይሄን ለምጄዋለሁ። ዝናቡም ጀምሯል፤ የቱሉ ዲምቱ ሰዎች ጭቃውን ታውቁታላችሁ። ግን እሱም አይደለም።

ኮሪደሩ ይመስለኛል። በእኛ በኩል ያለው ፍርድ ቤት ረጅም ኮሪደር ነው። ግራና ቀኝ በር፣ በሩ ላይ የችሎት ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የቀጠሮ ዝርዝር። ሌላ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ከመደገፍ ብዛት ቀለሙ በትከሻ ልክ ወይቧል። አጠገቤ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ሰነዳቸውን በሰማያዊ ፌስታል ጠቅልለው፣ አፉን ቋጥረው፣ ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ችሎት አስከባሪው ስም በጠራ ቁጥር ቋጠሮውን መፍታት ይጀምራሉ። የተጠራው የሳቸው ስም አይሆንም። መልሰው ይቋጥሩታል።

ያ ፌስታል ሐሳቤን ይዞት ጭልጥ አለ፤ ጆሃንስበርግ ድረስ።

ወንድሜ ጋ የሄድኩ ጊዜ ነው። ሐበሻው ጄፒ በሚለው ሰፈር ሱቅ አለው። አንድ ቀን ሱቁን ለልጆቹ ትቶ ከተማውን ሊያሳየኝ ወጣን። "ፍርድ ቤት እንሂድ" ስለው ክው አለ። "ምን ሆነሽ? ማን ከሰሰሽ?" ማንም አልከሰሰኝም፤ ሥዕል ለማየት ነው አልኩት። ስንት ዓመት በዚያ ከተማ ኖሮ ግቢውን ረግጦት አያውቅም። አልፈርድበትም። እኛ ፍርድ ቤት የምንሄደው ስንጠራ ነው።

የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ሕንፃው የተከፈተው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቦታው ድሮ ወህኒ ቤት ነበር። ጋንዲም ማንዴላም ታስረውበታል። የቀጠሮ እስረኞች የሚቆዩበትን ክፍል አፈረሱና ጡቡን ለአዲሱ ፍርድ ቤት ግንባታ አዋሉት። ከፈረሰው ክፍል ደረጃ ይወጣባቸው የነበሩትን አራት ማማዎች ግን ሳይነኩ ተዉአቸው። ችሎቱ ውስጥ ገብቼ ጡቡን በእጄ ነካሁት። ሻካራ ነው። ሳይለስኑት፣ ቀለም ሳይቀቡት እንዳለ ትተውታል። አንድ ሰው "ነገ ይጠሩኝ ይሆን?" እያለ ያደረበት ጡብ ዛሬ ዳኛ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው።

አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነበረች። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ያመለጠኝን ወንድሜ ይነግረኛል። መግቢያው ላይ ቆማ ትልቁን የእንጨት በር በእጇ እየዳሰሰች አሳየችን። በሕገ መንግሥታቸው የተዘረዘሩት 27 መብቶች ተቀርጸውበታል፤ በምልክት ቋንቋም ጭምር። ከዚያ ወደ ችሎቱ ወሰደችንና ረጅም ጠባብ መስኮት አሳየችን። ውጭ የሚያልፈው ሰው በመስኮቱ ሲታይ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። ዳኞቹ ሲያስችሉ የመንገደኛውን ጫማ እያዩ ነው ማለት ነው። ይሄን ያሰበውን ሰው አመሰገንኩት።

የሥዕሉ ስብስብ እንዴት እንደተጀመረ ስትነግረን ደግሞ ጆሮዬ ቆመ። ፍርድ ቤቱ ገና ሲቋቋም ለማስጌጫ የተመደበው 10,000 ራንድ ነበር። ለአንድ ፍርድ ቤት ምንም ማለት ነው። ነገሩን የያዙት ሁለት ዳኞች ናቸው፤ ኢቮን ሞክጎሮ እና አልቢ ሳክስ። ሳክስ በ1988 እ.ኤ.አ. ማፑቶ ላይ መኪናው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጁንና የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነው። ታዲያ መጋረጃና ምንጣፍ አልገዙበትም። ብሩን እንዳለ ለአንድ ሸማኔ ሥራ ሰጡት፤ ጆሴፍ ንድሎቩ ለሚባል ሰው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጥልፍልፍ ሽመና ነው፤ ስሙም "ሰብአዊነት"። የቀረው ስብስብ አብዛኛው በስጦታ መጣ። ሠዓሊው ራሱ "የእኔንም ውሰዱ" እያለ ሰጠ። ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ሥራ አላቸው።

ከዚያ ሰማያዊው ቀሚስ ጋ ደረስን።

ከሩቅ ሲያዩት የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ነው የሚመስለው። ስስ፣ ረጅም፣ ሲነፍስበት ሊነሳ የደረሰ። ጠጋ ሲሉ ፌስታል ነው። የተቀደደ ሰማያዊ ፌስታል፣ እየተያያዘ የተሰፋ። የሠራችው ጁዲት ሜሰን ናት። ፊላ ንድዋንድዌ ስለምትባል ታጋይ በሬዲዮ ሰምታ ነው። ፊላን የአፓርታይድ ፖሊሶች በ1988 እ.ኤ.አ. ያዟት። አሰቃዩዋት። ጓደኞቿን አሳልፋ አልሰጠችም። ራቁቷን ነበር ያስቀመጧት፤ እሷ ያገኘችውን ቁራጭ ፌስታል ሀፍረቷን ሸፈነችበት። ገድለው ቀበሯት። የተቀበረችበት የታወቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ የአፓርታይድን ግፍ ለመረመረው ለእውነትና እርቅ ኮሚሽን የተናገሩት ራሳቸው ገዳዮቿ ናቸው። መቃብሩ ሲቆፈር ፌስታሉ ወገቧ ላይ እንዳለ ተገኘ። ሜሰን ይሄን ሰምታ ቀሚስ ሰፋችላት። ቀሚሱ ላይ ለፊላ የጻፈችላት ቃል አለ፤ "እህቴ" ብላ ትጀምራለች።

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ልብስ በፌስታል እየከተተ የሚሸጥ ሰው ነው። ቀሚሱ ፊት ቆሞ ቀረ። አስጎብኚዋ ወደሚቀጥለው ስትሄድ እሱ አልተንቀሳቀሰም። "እናቷ አይታው ይሆን?" አለኝ። ያቺን ጥያቄ ማን ይመልሳታል?

እኔን የገረመኝ ሥዕሉ መኖሩ ብቻ አይደለም። ያለበት ቦታ ነው። ሙዚየም ቢሆን አይቼ፣ አዝኜ፣ እወጣ ነበር። ይሄ ግን የአገሪቱ ትልቁ ዳኛ ወደ ሥራው ሲገባ የሚያልፍበት ቤት ነው። መንግሥት ሰው ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ዳኞቹ ራሳቸው አምጥተው ቤታቸው አኖሩት። እንደ እኔና ወንድሜ ያለ መጻተኛ ደግሞ መጥሪያ ሳይደርሰው ገብቶ እንዲያየው በሩን ከፈቱለት። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት ሲባል በሆዴ ውስጥ የሚመጣው ነገር ተቀይሯል።

"ለዳኛ ወንበር ሳይሟላ ሥዕል?" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እሷ፣ ጠበቃዋ ጓደኛዬ፣ ደጋግማ ብላኛለች። መዝገብ ተከማችቷል፣ ዳኛ አንሷል፤ እውነቷን ነው። ግን እነዚያም የጀመሩት በ10,000 ራንድ ነው። እኛ ደግሞ የእጅ ድሃ አይደለንም። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አለ። የቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ግን ግቢው የተመድ ስለሆነ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ የሚሉበት አይደለም። "በሕግ አምላክ!" ሲባል መንገደኛው ቀጥ የሚል ሕዝብ ነበርን። ያ ሕዝብ አሁን ወደ ፍርድ ቤት በር ሲቀርብ ድምፁን ይቀንሳል፣ ይሽቆጠቆጣል። ይሄ ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ችሎት በማይኖርበት ቀን፣ የኮዬ ፈጬ ተማሪዎች በሰልፍ መጥተው ቢገቡ እላለሁ። አንዷ የሕግ ተማሪ ፊት ፊት እየሄደች "ይሄ የተከሳሽ ቦታ ነው፣ ይሄ የከሳሽ፣ ይሄን ሥዕል ደግሞ እገሌ ነው የሠራው" ብትላቸው። ልጆቹ ክስ ሳይኖርባቸው፣ ሳይፈሩ፣ ቤቱን ቢለምዱት።

ምን እንደሚሰቀል ግን ሳስብ ቆይቼ አንድ ቦታ ላይ ተያዝኩ። የሚረታው ሰው ማንኛውንም ሥዕል ይወደዋል፤ ደስ ብሎት ነው የሚወጣው። የተረታውስ? ምናልባት ያ ሰው ሐምሌ ላይ እኔ ልሆን እችላለሁ። ፍርዱ ተነብቦ፣ ቤቱ ለሌላ ተወስኖ፣ በዚያ ኮሪደር ስወጣ ግድግዳው ላይ ምን ባይ ነው "ይሄ ፍርድ ቤት አሁንም የእኔ ነው" የምለው?