በጀቱ ሲቀነስ ፍላጎቱም የቀነሰ መሰለ

ነገሩ የሆነው በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ኮንዶሚኒየሙ ከገበሬው ማሳ ጋር በሚዋሰንበት የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። የከተማ ጤና ጣቢያ በመስፈርቱ 40,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ይቋቋማል። የሕዝብ ቆጠራ ግን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ስላልተካሄደ ቁጥሩ የሚወሰደው ከትንበያ ነው፤ አዲስ ሳይት የገባው ነዋሪ ሁልጊዜ ከበጀቱ ቀድሞ ይገኛል።

በዓመቱ አጋማሽ የጤና ጣቢያው የሥራ ማስኬጃ በጀት ተቀነሰ። እንዲህ ሲሆን ደመወዝ አይነካም፤ የሚነካው ጓንቱ፣ ነዳጁ፣ የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካሉ (ሪኤጀንቱ)ና የመድኃኒት መግዣው ነው። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ክትባትም፣ በፕሮግራም በነፃ ይመጣሉ። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ግን በብር ይገዛል። ብሩ በአብዛኛው ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ የሚወጣ ሲሆን፣ የውስጥ ገቢው ደግሞ ከከፋይ ታካሚ፣ ከጤና መድንና አስተዳደሩ ለነፃ ታካሚዎች ከሚተካው ክፍያ ይሰበሰባል። አስተዳደሩም በጀቱ ሲጠብበት ያንን ክፍያ ያዘገያል። ስለዚህ አንዱ ቅነሳ በሁለት በር ገባ።

የመድኃኒት ክፍሉ ለሁሉም እንዲዳረስ ብሎ 30 ፍሬ የታዘዘለትን ታካሚ 15 ፍሬ ይሰጠው ጀመር። ከርኅራኄ የመጣ ውሳኔ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። ታካሚው በወር ሁለት ጊዜ የታክሲ መክፈል አለበት፤ በነፃ ካርድ የሚታከመው ደግሞ ያ ብር የለውም። የክትትል ክፍሏ ነርስ የአንዲት እናትን ግፊት ስትለካ 190/110 አገኘችው።

«እማማ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል እንዴ?»

«አላቋረጥኩም ልጄ። እንዳያልቅብኝ አንዱን ፍሬ ለሁለት ቀን እየከፈልኩ ነው የምውጠው።»

ነርሷ ወደ መድኃኒት ክፍል የሄደችው የክትትል መዝገቧን ይዛ ነው። በመዝገቡ አምሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ 300 ሰዎች አሉ። በቀን አንድ ፍሬ ቢሆን በሁለት ወር 18,000 ፍሬ መውጣት ነበረበት። በየሁለት ወሩ የሚላከው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ደግሞ ይህን ይላል፦ መነሻ 4,000፣ የገባ 6,000፣ የቀረ 1,000፣ ፍጆታ 9,000። መድኃኒት ያለቀበት ቀን፦ ዜሮ።

አደጋው ያ ዜሮ ነው። መድኃኒቱ ጨርሶ ቢያልቅ ኖሮ ፍጆታ የሚሰላበት ቀመር ያርመው ነበር፤ ከ60 ቀን 20 ቀን ባዶ ከሆነና 6,000 ከወጣ፣ 6,000 በ60 ተባዝቶ ለ40 ይካፈልና እውነተኛው ፍጆታ 9,000 ይሆናል። እየቆረሱ ማደል ግን ቢን ካርድ ላይ፣ ማለትም የገባና የወጣ መድኃኒት በሚመዘገብበት ካርድ ላይ፣ ምንም ምልክት አይተውም። ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር ስለሆነ የሚታዘዘው መጠን የሁለት ወሩ ፍጆታ በሁለት ተባዝቶ በእጅ ያለው ሲቀነስ ነው። በቅጹ መሠረት የሚታዘዘው 17,000 ሆነ፤ ይህ ለ300 ሰው ሁለት ወር እንኳ አያደርስም። ትክክለኛው 35,000 ነበር። ፋይናንስ በበኩሉ ቅጹን አይቶ «የግፊት መድኃኒት ፍላጎት በግማሽ ቀንሷል» ሲል ለሚቀጥለው ዓመት ከዚያው መስመር ላይ ሊቀንስ ተነሥቶ ነበር። ባለሙያው አልዋሸም፤ የቀረበለት ወረቀት ያንን ነው የሚለው።

ማረሚያው ቀላል ነው፣ ግን በየቀኑ መሠራት አለበት። በማደያው መስኮት አንድ ደብተር ተቀመጠ፤ ዓምዶቹም ቀን፣ መድኃኒት፣ የታዘዘ፣ የተሰጠ፣ ልዩነት፣ ከፋይ ወይም ነፃ የሚሉ ናቸው። ባዶ እጁን የተመለሰም ይጻፋል፤ ብዙ ቦታ የሚረሳው እሱ ነው። በሁለት ወሩ መጨረሻ ልዩነቱ ተደምሮ በቅጹ የአስተያየት ቦታ ይሰፍራል፤ ከክትትል መዝገቡ የታካሚ ብዛት ጋርም ይመሳከራል። ሁለቱ ሰፊ ልዩነት ካሳዩ ወይ ደብተሩ በትክክል አልተሞላም፣ ወይ ታካሚ ቀርቷል፤ የቀረው በስልክ ይፈለጋል።

በእጅ ያለው ብር 35,000 ፍሬ ላይገዛ ይችላል። ያም ሆኖ የሚያስፈልገውና ብሩ የሚችለው ተለያይተው መጻፍ አለባቸው። በአቅም ልክ ብቻ የሚጠይቅ ጤና ጣቢያ ቅነሳውን በገዛ ፊርማው ያጸድቃል። ይህ በተለይ ከበጀት ጥያቄ በፊት ያሉትን ሪፖርቶች ይመለከታል፤ ሰኔ ላይ ደብተር ይዞ መሮጥ ጊዜው ያለፈበት ነው።

አከፋፈሉም ተቀየረ። በነፃ ካርድ የሚታከሙና የጤና መድን አባላት የወራቸውን 30 ፍሬ በአንዴ እንዲወስዱ ተደረገ። ከፋይ የሆኑት ሲጎድል በግልጽ ይነገራቸዋል፤ ማዘዣው ላይ ተጽፎላቸው ከውጭ ይገዛሉ። ሁሉንም እኩል ማጉደል ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ከፋዩ ግማሹን ከፋርማሲ ይሞላል፣ እኚያ እናት ግን አንዱን ፍሬ ለሁለት ቀን ይከፋፍላሉ። የነፃ ታካሚዎች ሒሳብም በሩብ ዓመት መላኩ ቀርቶ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ከነማዘዣው ቅጂ ለአስተዳደሩ ይላካል። ደረሰኝ የጎደለው ሰነድ ስለሚመለስ ከመላኩ በፊት ገንዘብ ያዡና ፋርማሲስቷ አብረው ያመሳክሩታል።