የቤታችንን ጥበቃ እንዴት እንደወሰንን

በዚህ ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ከእኛ ግቢ ጥቂት አጥሮች አልፎ ባለ ቤት አንድ አባወራ በገዛ ደጃፉ ተገደለ። ሰፈሩንም ስሙንም አልጠቅስም፤ ቤተሰቡ ገና ከሐዘን አልወጣም፣ ጉዳዩም በምርመራ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ከሰማነው ሁሉ ለእኛ ውሳኔ መነሻ የሆነው ግን ገዳዮቹ በር አለመስበራቸው፣ አጥርም አለመዝለላቸው ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ ሰውየውን በስሙ ጠርተው ዘመድ እንደታመመበት ነገሩት፤ እሱም ጋቢውን ደርቦ ወጥቶ በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ገንዘብ ማውጣት ነው። በዚያ ሰሞን የጎንደር ብየዳ ቤቶች በሙሉ ወደ እኛ ሰፈር የፈለሱ እስኪመስል ድረስ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ሲቆረጥ ይሰማ ነበር። አጥሩን በብሎኬት ያስጨመረ አለ፣ በላዩ ላይ እሾህ ሽቦ የዘረጋ አለ፣ ከቅዳሜ ገበያ በእጁ ልክ የማይያዝ ጓጉንቸር ገዝቶ የመጣም አለ። ማንንም አልነቅፍም፤ ፍርሃት እጅን ሥራ ያስፈታል፣ ሥራ የያዘ እጅ ደግሞ በመጠኑም ቢሆን ልብን ያረጋጋል። እኛ ቤት ግን አንድ ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት ባለቤቴና እኔ ተቀምጠን አንድ ጥያቄ ተጠያየቅን፤ ያ ሰዓት በእኛ ላይ ቢመጣ ቤት ውስጥ የሚገኘው ማን ነው? ባለቤቴ የጤና ባለሙያ በመሆኑ ሌሊት ተረኛ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ እኔም ለቅሶም ሆነ ሌላ ጉዳይ ሲያጋጥመኝ ራቅ ብዬ የማድርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የምትገኘው ዓይኗ የደከመ እናቴ፣ ከእሷ ጋር የቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ፣ ከዚያም ሁለቱ ልጆች ናቸው። እናቴ በጨለማ፣ ብቻዋን፣ ስልክ ሳይሠራ ልትጠቀምበት የማትችለው ነገር ሁሉ ለቤታችን ጥበቃ እንዳልሆነ ተስማማን። የቀረበልንን ሐሳብ ሁሉ የመዘንነው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ጠመንጃ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የሚኖረው ደንቢያ ነው፤ ወሬውን እንደሰማ ያለውን ክላሽ ይዞልን ለመምጣት ተነሣ። በእኛ አገር መሣሪያ ከመሣሪያነት ያለፈ ክብር ያለው ነገር እንደመሆኑ፣ ወንድም ለወንድሙ ጠመንጃውን ልስጥህ ማለቱ ትልቅ ቃል ነው፤ ስለዚህ «አያስፈልግም» ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ነውር ይሆን ነበር። ባለቤቴ በሕጉ በኩል አስረዳው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ በአንዱ ስም የተፈቀደ መሣሪያ በሌላው ቤት እንዲያድር አይደረግም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ራስን መከላከልን በአንቀጽ 78 ቢፈቅድም፣ ጥቃቱ የተቃረበ ወይም የተጀመረ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በጨለማ ውስጥ ኮቴ ሰምቶ የተኮሰ ሰው ይህን ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ወንድምየው በሕጉ ብዙም አልተረታም። የረታችው እናቴ ናት።

«ልጄ፣ አንተ ደንቢያ ተኝተህ እኔ እዚህ ጠመንጃ ታቅፌ ልደር? ተኩስ የማያውቅ ሰው ቤት ያለ መሣሪያ ለመጣው ሰው የተቀመጠ ነው እኮ» አለችው።

እውነቷን ነው። በዚህ ጊዜ መሣሪያ አለ የተባለበት ቤት መሣሪያው ራሱ የሚፈለግበት ቤት ሆኗል፤ በዚያ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ ባለበት ቤት መሣሪያ የት ተደብቆ የት ይገኛል የሚለው ሌላ ጭንቀት ነው። በባለሙያ እጅ፣ በፈቃድ፣ በሥርዓት የተያዘ መሣሪያ ያለው ቤት በሌላ መንገድ ሊወስን ይችላል፤ የእኛ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም።

ሁለተኛው ሐሳብ ከዋሽንግተን መጣ። ወንድሜ የካሜራ ገንዘብ እልካለሁ፣ በስልኬ እዚህ ሆኜ ግቢያችሁን እጠብቃለሁ አለ። ፍቅሩ ልቤን ቢነካውም፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንዴት እንደኖርን እሱ አላየውም። ካሜራ መብራትና መስመር ይፈልጋል፤ ጎረቤታችን የተገደለው ደግሞ መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። ለሱቅና ለመጋዘን፣ በኋላ ለሚደረግ ምርመራም ጭምር፣ ካሜራ ጥሩ ነገር ነው፤ እናቴን ግን በዚያች ደቂቃ አይረዳትም። ወንድሜ ገንዘቡን ላከው፤ የበሩን ሥራ የሠራንበት በእሱ ነው።

ስለ አጥር የተከራከርነው ከሁሉ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ባለቤቴ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ከፍ እናድርገው ባይ ነበር። እኔ የተቃወምኩት በወጪው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ከመንገድ ጨርሶ የማይታይ ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ የገባ ሰው የፈለገውን ያህል ቢቆይ የሚያየው ጎረቤት የለም። በእኛ አጥር ጥግ ላይ በላይኛው ቤት መስኮት በኩል የሚታይ ቦታ አለና ያ እንዳለ እንዲቀር ፈለግሁ። የጎንደር ሰው ስለ ግንብ ማን ያስተምረዋል ይባል ይሆናል፤ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የፋሲል ግቢ ቅጥር ግን 12 በሮች ነበሩት፣ በየበሩም የሚገባው ሰው የተለየ ነበር፤ ዳኞቹ በወንበር በር፣ ነጋሪቱና እምቢልታው በእምቢልታ በር። ነገሥታቱም ቢሆኑ ከቅጥሩ ቁመት እኩል የተጨነቁት በየትኛው በር ማን ይግባ በሚለው ላይ ነው። እኛም አጥሩን ትተን ወደ በሩ ሄድን።

የግቢያችን በር እንደ አብዛኛው የጎንደር ግቢ በር ባለ ሁለት ተካፋች ላሜራ ሆኖ፣ በአንደኛው ላይ ሰው የሚገባበት ትንሽ በር አለው። በትንሹ በር ላይ ከውጭ እጅ አስገብቶ መቀርቀሪያውን ለመሳብ የተቆረጠች ቀዳዳ አለች፤ ይህችን ቀዳዳ ውኃ የሚያመጣውም፣ ልጆቹን የሚያደርሰው ባለ ባጃጅም፣ ተከራዮቻችንም፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ብየዳ ሠራተኛውን አምጥተን ቀዳዳዋን በወፍራም ላሜራ አስደፈንናት፤ መቀርቀሪያውም ወደ ታች ወርዶ ከውስጥ በጓጉንቸር የሚታሰር ሆነ። ማጠፊያዎቹ ደግሞ በሩ ከታች በብረት ዘንግ ሲገፋ ወደ ላይ የሚወልቁ ዓይነት ስለነበሩ፣ ከላያቸው ማገጃ ብረት ተበየደባቸው፤ ይህን ያሳየን ራሱ ሠራተኛው ነው፣ ለካ ለዓመታት በጓጉንቸር የቆለፍነው በር ከዚያኛው ጎኑ ክፍት ኖሯል። በመጨረሻ ውጭውን የምናይባት፣ ከውስጥ የምትዘጋ ጠባብ መስኮት እንዲያበጅልን ጠየቅነው። እሱም በራሱ ዓይን ልክ ኖራ ቀብቶ ምልክት አደረገ። እናቴን ጠርቼ በሩ ሥር አቆምኳት፤ ምልክቱ ከነጠላዋ በላይ ሆነ። ዝቅ አድርጎ ድጋሚ ለካ፤ አሁን ባለቤቴ በእሷ ለማየት ጎንበስ ይላል።

ብረቱ በሁለት ቀን አለቀ፤ የበሩ ሥርዓት ግን ዛሬም ያጨቃጭቀናል። ከመሸ በኋላ የመጣ ሰው ማንም ይሁን ማን አስቀድሞ ካልደወለ ወይም በዚያች መስኮት ፊቱ ካልታየ በር እንዳይከፈትለት ወስነናል፤ ስማችንን ጠርቶ መጣራቱም ማንነቱን አያረጋግጥልንም። ስልክ ካልሠራ ደግሞ ንግግሩ ከቤቱ መስኮት እንጂ ከበሩ ሥር አይሆንም። እናቴ ይህን መቀበል ከብዷታል። የእግዜር እንግዳ በር ላይ ቆሞ እሷ መስኮት ላይ ሆና «ማነህ? ከወዴት ነህ?» ማለት፣ እሷ ባደገችበት ቤት እንግዳን መስደብ ነው። አንድ ምሽት አብረዋት የሚጠጡ የማኅበር ጓደኛዋ ዝናብ ላይ ጥቂት ቆመው ስለነበር ለቀናት ተጨንቃ፣ በመጨረሻ ቡና አፍልታ ጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋም ሳቁና «እኔም ቤት እንዲሁ ነው፣ እታለም» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ቀለል ብሎላታል።

ከእናቴ ይልቅ ያሳሰበችኝ የቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ ናት። በየቤቱ በር የምትከፍተው እንደ እሷ ያለች ልጅ ናት፤ የምትከፍተውም ካዘገየች ቁጣ ስለሚደርስባት ነው። ወንጀል ሲፈጸም ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ቀድሞ በእሷ ላይ ነው፤ ይህ ልማዳችን ግፍ ይመስለኛል። ስለዚህ ባለቤቴ ባለበት፣ ልጆቹም እየሰሙ፣ የእሱን አለቃም ቢሆን በር ላይ አቁማ ብታቆይ ማንም ክፉ ቃል እንደማይናገራት ነገርናት። በማግስቱ ራሴን በር ላይ አቁማ «ፊትዎን ያሳዩኝ» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ግን አሳየሁ። በሰርቪስ ቤቱ የሚኖሩት ሁለቱ ተማሪዎችም የሚያመሹበትን ቀን አስቀድመው እንዲናገሩ፣ ቁልፋቸውንም ለጓደኛ እንዳያውሱ ተስማምተናል።

ከጎረቤታችን ሞት ከሁሉ የሚያሳምመው ጩኸቱ መሰማቱ ነው። በጎንና በጎን ያሉ ቤቶች ሰምተዋል፤ አንዱ ሰካራም መስሎት፣ ሌላው ፈርቶ አልወጣም። አልፈርድባቸውም፤ በእነዚህ ዓመታት የተኩስ ድምፅ ስንሰማ መብራት አጥፍተን ወለል ላይ መተኛትን ተምረናል፣ ያ ልማድ የጎረቤትን ኡኡታም አብሮ እንዳንሰማው አድርጎናል። ጉዳዩን ወደ ዕድሩ የወሰድነው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድር ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ ያውቃል፤ መዋጮ መሰብሰብም የቀረን መቅጣትም ለምዶበታል። በየቤቱ ፊሽካ እንዲኖር ተወሰነ፤ መብራትም መስመርም የማትፈልግ፣ እናቴም ትንሿ ልጄም ሊነፏት የሚችሏት ዕቃ ናት። ፊሽካ የሰማ ሰው ብቻውን አይወጣም፤ በራሱ ግቢ ሆኖ ቆርቆሮ እየመታ ይጮኻል፣ ባትሪ ያበራል፣ የሚቀጥለውን ቤት ይቀሰቅሳል፣ ሦስት አራት ሲሆኑ አብረው ይወጣሉ። የፖሊስ ጣቢያውም ስልክ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል።

ሮንድ ይውጣ የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ወጣቶቹ ከመሸ በኋላ የተገኘ ባዕድ ሰው ሁሉ ይመታ ብለው ነበር። የዕድሩ ዳኛ አልተቀበሏቸውም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ማንም ሰው እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። መደብደብን አይፈቅድም። መንገድ የጠፋበትን ተማሪ ወይም ከአዘዞ አምሽቶ የመጣን የቀን ሠራተኛ ደብድቦ የገደለ ሰፈር ከሌባው የሚለየው በምንድን ነው? በክርክሩ መጨረሻ ሮንዱ በተራ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ ለፖሊስ ጣቢያው ታውቆ፣ በፊሽካና በዱላ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ወንድ የሌለባቸው ቤቶች ከተራው ነጻ ሆነዋል፤ ለጠባቂዎቹ ሻይ ያፈላሉ።

ስለ ገንዘብና ስለ ወርቅ ብዙ የሚባል የለም፤ ባንክ ይቀመጥ፣ ዕቁብ የደረሰው ሰው አይናገር፣ ከውጭ የሚላክ ብርም በቡና ላይ አይወራ። እገታ በሚፈራበት ጊዜ ወሬ ራሱ መረጃ ነው። ሌሊት በአሥር ሰዓት ኪዳን ለማድረስ የምትሄደው እናቴን ማስቀረት የሚችል ሰው ስላልተገኘ፣ አራት ሴቶች ከእኛ በር ተሰባስበው እንዲሄዱ ተደርጓል። ለጥምቀትም ከተማው ሁሉ ታቦት ሸኝቶ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ ሰፈሩ ባዶ እንዳይሆን ከአሁኑ ተራ ወጥቶለታል፤ በከተራው ዕለት ቤት የሚቀረው ባለቤቴ ነው።

አሁን ያልተቋጨው የልጃችን ጉዳይ ነው። ማታ ማታ ጓደኛው ቤት ሄዶ ያጠና ነበር፤ እኛ ጥናቱ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይሁን ብለናል። እሱ ደግሞ መንገዱ የሮንዱ መንገድ ነው፣ ጓደኛዬም እስከ በራችን ይሸኘኛል ይላል፤ «ታዲያ እሱንስ ማን ይመልሰዋል?» ስንለው ዝም አለ። የጓደኛው እናት በየሳምንቱ ቤት እንቀያየር፣ ያመሸው ልጅ እዚያው ይደር የሚል ሐሳብ ልካለች፤ ባለቤቴ የሚቀጥለውን ወር የተረኝነት ሰሌዳውን ሲቀበል አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን።