ጫማዎን ያውልቁልኝ

ድሬዳዋ ላይ የቆዳ ክፍል ነርስ ከሆንክ ቋቁቻ የዕለት እንጀራህ ነው። ሙቀትና ላብ ለፈንገሱ ይመቹታል። እኚህ እናትም የመጡት ለዚሁ ነበር። ከፊራ አካባቢ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ፤ ውሏቸው እሳት ዳር ነው። አንገታቸው ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ወጥቶባቸዋል። ዶክተራችን ፋቅ ሲያደርገው ደቃቅ ቅርፊት ረገፈ። የሚቀባ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ ፈንገሱ ቢሞትም የቆዳው መልክ እስኪመለስ ወራት እንደሚወስድ ነገራቸው። ቀጣዩን ልጠራ ስል፣

"እናቴ፣ ጫማዎንም ያውልቁልኝ" አላቸው።

"ኧረ አቦ ዶክተር! እኔ የመጣሁት ለአንገቴ!"

እግሬ ቆሽሿል ብለው አፍረው ነው። እያጉረመረሙ አወለቁ። ተረከዛቸው ላይ ጥቁር ነገር አለ። "እሾህ ነው፤ ተሰብሮ ቀርቶብኝ። አልፎ አልፎ በምላጭ እልገዋለሁ።"

ዶክተሩ አልኮል ባለው ጥጥ ጠረገው። አቧራው ለቀቀ፣ ጥቁረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዱ ጥግ ቡናማ፣ ሌላው ድፍን ጥቁር ነው። ጠርዙ ነጠላ ላይ እንደተደፋ ቡና ወዲያና ወዲህ ሮጧል። በማስመሪያ ለካው፤ ከ6 ሚሊሜትር ያልፋል። ንፍፊት ካለ ብሎ ብሽሽታቸውን ዳሰሰ። የለም።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ግማሽ እውነት አለው፤ ጥቁረታችን ከፀሐይ ይከልለናል። ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ግን ጥቁር ሰው ላይ ሲመጣ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። በ1973 ዓ.ም. የሞተው ቦብ ማርሌይም በሽታው የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር።

ወደ ሐረር ሪፈር ተጻፈላቸው። "ሳምቡሳውን ማን ይጠብስ?" ብለው ተከራከሩን፤ ልጃቸው መጥታ ይዛቸው ደንገጎን ወጣች። ናሙናው ሜላኖማ ሆነ። ደግነቱ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር አልሞላም። ሜላኖማ ላይ ዋናው ጉዳይ ጥልቀቱ ነው። ይህን ያህል ስስ ሲሆን ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ቆርጦ ማውጣት በአብዛኛው ይበቃል። ለእሳቸውም ይኸው ተደረገ፤ ተረከዛቸው ከጭናቸው በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ።

አሁን ገና በር ላይ ሳሉ ጫማ የማስወልቀው እኔ ነኝ። ጭቅጭቁ አይጣል ነው። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ካልሲዬ ተቀዷል ብሎ እምቢ አለ። ፊቴን አዙሬ ቆምኩለትና አወለቀ።