የኢንዲ ሮክ መጽሔት ስሠራ የያዝኳቸውና የተውኳቸው ልማዶች

ኢንዲ ሮክ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ፣ በትንንሽ አሳታሚዎች የተጀመረ የጊታር ሙዚቃ ነው። መጽሔቱ ከሩቅ ይታወቃል። አንድ ቃል ሳታነቡ “ይሄ የጊታር ሙዚቃ ነው” ትላላችሁ። ለንደን ውስጥ ሚዲያ ስማር የራሴን መጽሔት ለመሥራት ተነሳሁ። መጀመሪያ ማወቅ የፈለግኩትም ይህንኑ ነው፤ ምኑ ነው የሚያሳብቀው?

የቆዩ እትሞችን ወለል ላይ ዘርግቼ ጎን ለጎን አየኋቸው። ኤንኤምኢ (NME)፣ ኪው (Q)፣ ሞጆ፣ ኬራንግ፤ ሁሉም የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሚታወቀው ኤንኤምኢ ስሙ ሦስት ፊደል ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀይ፣ ከላይ በግራ ጥግ ይቀመጣል። ኪው ደግሞ በቀይ አራት ማዕዘን ውስጥ ያለች አንዲት ነጭ ፊደል ናት። የግራው ጥግ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። መጽሔቶች መደርደሪያ ላይ ሲደራረቡ ብዙ ጊዜ የሚታየው የግራ ጠርዛቸው ብቻ ነው። ስሙ ካጠረ ደግሞ ገዝፎ ሊጻፍ ይችላል። እኔም አራት ፊደል ያለው ስም መረጥኩና እዚያው ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ዋጋ፣ ባርኮድ፣ ቀንና የእትም ቁጥርም እንደ ወጉ ገቡ። እነሱ ከሌሉ ሽፋኑ ፖስተር ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ግን ሻካራው የኢንዲ መልክ ነው። ይህ መልክ ጌጥ ሆኖ አልተፈጠረም፤ ከገንዘብ ማጣት የመጣ ነው። ማርክ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ስኒፊን ግሉ የተባለውን የፓንክ (የሻካራ፣ የዓመፀኛ ሮክ) መጽሔት ሲጀምር መሣሪያው የጽሕፈት መኪና፣ ማርከርና ፎቶኮፒ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ትንንሽ አሳታሚዎችና ባንዶች ይህንን “ራስህ ሥራው” የሚል መንፈስ ወረሱ። የተንጋደደው ፊደልና የተቀደደው ወረቀት “ከላይ ማንም አላዘዘንም” የሚል መልእክት የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ይህን የሚያስመስሉ ፎንቶች ሞልተዋል። ሞከርኳቸው። አንድ ነገር ያጋልጣቸዋል፤ ያው ፊደል በተደጋገመ ቁጥር ያው ጭረት እዚያው ቦታ ላይ ይመጣል። ዓይን ይህን ቶሎ ይይዛል። ስለዚህ ርዕሶቹን አትሜ በመቀስ ቆረጥኩ፣ በሙጫ ለጠፍኩ፣ ፎቶኮፒ አነሳሁ፣ የፎቶኮፒውን ፎቶኮፒ ደግሜ አነሳሁ። በተቀዳ ቁጥር ጥቁሩ ይፈነጣጠቃል፣ የፊደሉ ጠርዝ ይበላል። ከዚያ ስካን አድርጌ ኢንዲዛይን በተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። የእጅ ሥራ መልክ ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ሥሩት። ከዚህ ሥራ ከተማርኩት ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ይህን ነው።

ይህ ግን ለርዕስ ብቻ ነው። ሬይ ገን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ዲዛይነር የነበረው ዴቪድ ካርሰን አንድ ጊዜ ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ ስለሰለቸው፣ ጽሑፉን በሙሉ ምልክት ብቻ ባለው ፎንት አስቀምጦታል። ድፍረቱን አደንቃለሁ። እኔ ግን ያነጋገርኩት ገና ስሙ ያልተሰማ ባንድ ነበር፤ የተናገሩት ነገር መነበብ አለበት። ስለዚህ የውስጡ ጽሑፍ በሦስት ንጹሕ ዓምዶች፣ በተለመደ ፎንት ሆነ። መጀመሪያው ላይ አንድ ግዙፍ ፊደል አቆምኩ፤ መሐል ላይ ደግሞ ከንግግራቸው የተመዘዘ ዓረፍተ ነገር በትልቁ አስቀመጥኩ። ገጽ የሚያገላብጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቆመው እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። የፖፕ መጽሔት ሽፋን አንድ የተወለወለ ፊት ይወዳል። ኢንዲ ግን ባንዱን በሙሉ፣ በአዘቦት ልብስ፣ ጡብ ግድግዳ አስደግፎ፣ ሳያስቅ ያቆማል። ይህንን ተቀበልኩ፤ መብራትም አልተጠቀምኩም፣ የቀን ብርሃን በቃኝ። ከፖፑ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ፤ ድምፃዊቷ ካሜራውን ቀጥ ብላ ታያለች፣ ሌሎቹ ወደ ጎን። መደርደሪያ ላይ ሰው የሚያስቆመው ዓይን ነው። ፎቶውን ስታነሱ ከራሳቸው በላይ ባዶ ቦታ መተው አትርሱ። የታወቀ መጽሔት ስሙ በዘፋኙ ጭንቅላት ግማሹ ቢሸፈን ችግር የለውም፣ አንባቢው ያውቀዋል። አዲስ ስም ግን ሙሉውን መታየት አለበት።

ስለ ሕትመት አጭር ነገር ልበል። በመሐሉ በስቴፕል የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት በአራት መካፈል አለበት። እስከ ጠርዝ የሚሄድ ፎቶ ካለም 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተውለት፤ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል።

ለንደን ብዙ የኛ ሰው ስላለ አንድ ገጽ በአማርኛ አስገባሁ፤ ስለ ኢትዮጵያው የሮክ ቡድን ጃኖ ባንድ፣ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት እ.ኤ.አ. በ2012 ስለወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው። የእንግሊዝኛው ልማድ ሁሉ እዚህ አልሠራም። እንግሊዝኛው ርዕሱን ከጽሑፉ የሚለየው በትልልቅ ሆሄያት ነው፤ የኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በመጠንና በቀለም ለየሁት። ቀይ ቀለም በብራና መጻሕፍታችን የምዕራፍ መጀመሪያና የቅዱሳን ስም ይጻፍበታል፤ የመጽሔቱም ቀለም ቀይ ነበርና ያለ ጭንቅ ገጠመ። የአማርኛ ቃላት ስለሚረዝሙ ሦስቱን ዓምድ ወደ ሁለት አወረድኩ፣ የቀኙን ጠርዝም ሳላስተካክል ተውኩት። ፊደሎቻችን ቁመታም ስለሆኑ የመስመሮቹን ክፍተት አሰፋሁ። ርዕሱን በብሩሽ ጻፍኩና እንደ እንግሊዝኛዎቹ ፎቶኮፒ ላይ ደጋግሜ አሳለፍኩት። የአማርኛው ገጽ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው በዚያ ነው።