ሃምሳና ሃያ ስልሳ የሚሆንበት ሒሳብ

በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የቪኤ፣ የውሳኔ ደብዳቤ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው በአገልግሎቱ ለደረሱበት ጉዳቶች የተሰጡትን፣ ወርሃዊ ክፍያውን የሚወስኑትን ፐርሰንቶች መደመር ነው። 50፣ 20፣ 20፣ 20፤ ድምሩ 110። ደብዳቤው ደግሞ 80 ይላል። «ሠላሳዋን የት አደረሷት?» ይላል ሰው። ማንም አልወሰዳትም፤ ይህ ሒሳብ ከመጀመሪያውም ድምር አይደለም።

እኔ ደብዳቤ ስመረምር ሁለት ወረቀት ለይቼ እይዛለሁ። በአንዱ ፐርሰንቱን፣ በሌላው ቀኑን እሠራለሁ። ጭቅጭቁ የሚበዛው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ትልልቁ ገንዘብ የሚገኘውም የሚጠፋውም ግን በሁለተኛው ነው።

ቪኤ ጤነኛን ሰው መቶ አድርጎ ይነሳል። የመጀመሪያው ጉዳት 50 ከወሰደ 50 ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው 20 የሚሰላው ከቀረው 50 ላይ ነው። የ50 ሃያ በመቶ 10 ስለሆነ 50 እና 20 ሲጣመሩ 60 ይሆናሉ። እንጀራው ተጋምሶ ከተበላ በኋላ ለማዕድ የደረሰ ሰው የሚቆርሰው ከተረፈው ነው። 100 መድረስ ዳገት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የሚቆረስበት እያነሰ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው። በየእርምጃው ክፍልፋይ ከመጣ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል፣ ግማሽ ወደ ላይ። ወደ አሥር ቤት ማጠጋጋቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻ ነው፤ 75 ሰማንያ ይሆናል፣ 74 ሰባ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሃል ላይ በማጠጋጋት ነው። 50፣ 30 እና 20 ያለው ሰው 50 እና 30ን አጣምሮ 65 ያገኛል፤ እሱን ወደ 70 አሳድጎ 20ውን ከቀጠለ 76 ላይ ይደርስና 80 ይጠብቃል። ትክክለኛው መንገድ 65፣ ከዚያ 72 ነው። የሚመጣለት 70 ነው። ሙሉ ሰንጠረዡ በፌዴራል ደንብ መጽሐፍ ቁጥር 38፣ ክፍል 4.25 ላይ ታትሟል። ካልኩሌተሮቹን የማያምን ሰው እዚያ ላይ በጣቱ እየተከተለ ማረጋገጥ ይችላል።

አሁን በመግቢያው ላይ ያስቀመጥኩትን ምሳሌ እንሥራ። ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) 50፣ ወገብ 20፣ ከወገብ ወደ ቀኝ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም 20፣ ወደ ግራ እግር የሚወርደው 20። በተራው መንገድ ብንሄድ 50 እና 20 ስልሳ፣ 60 እና 20 ስልሳ ስምንት፣ 68 እና 20 ደግሞ 74.4፣ ማለትም 74። ውጤቱ 70። ደብዳቤው ግን 80 ነው ያለው፤ ትክክሉም እሱ ነው። አሥሯን ያመጣት ባይላተራል ፋክተር የሚባለው፣ የክፍል 4.26 ድንጋጌ ነው።

ሁለቱም እግር ወይም ሁለቱም ክንድ ከተጎዳ፣ እነዚያ ጉዳቶች መጀመሪያ ለብቻቸው ይጣመራሉ፦ 20 እና 20፣ 36። የ36 አሥር በመቶ 3.6 ነው። ይህቺ በቀጥታ ትደመራለች (በዚህ ሒሳብ ውስጥ እውነተኛ ድምር ያለው እዚህ ጋ ብቻ ነው)፣ 39.6፣ ማለትም 40። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እግሮች እንደ አንድ የ40 ጉዳት ተቆጥረው በተራቸው ይገባሉ፦ 50፣ 40፣ 20። 50 እና 40 ሰባ፣ 70 እና 20 ሰባ ስድስት። ወደ 80።

እዚህ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ጉዳቱ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ የግራ ጉልበትና የቀኝ ቁርጭምጭሚት ይበቃሉ፣ ሁለቱም እግር ናቸውና። አንድ ክንድና አንድ እግር ግን አይጣመሩም። ጆሮና ዓይን በዚህ ደንብ አይገቡም። በአንዱ ወገን ያለው ጉዳት 0 ፐርሰንት ከሆነም አይሠራም፤ ከሁለቱም ወገን የሚከፈልበት ፐርሰንት ያስፈልጋል። ድሮ በአንዳንድ ከፍተኛ ሬቲንጎች፣ ማለትም ቪኤ በሚሰጣቸው ከፍተኛ ፐርሰንቶች ላይ ይህ ስሌት ውጤቱን መልሶ ዝቅ የሚያደርግበት አጋጣሚ ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ግን የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቶቹን ከስሌቱ ውጪ ማድረግ ተፈቅዷል። ቪኤ ይህን መቁጠር አለመቁጠሩ የሚታየው ኮድ ሺት በሚባለው፣ ፐርሰንቶቹ በተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ነው። ያ ገጽ ከደብዳቤው ጋር ካልመጣ በቅጽ 20-10206 ከፋይል ማስወጣት ይቻላል፤ የወከላችሁ የቬተራኖች፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች፣ ማኅበር ሰውም ያየዋል።

ሌላው ልማዴ፣ ሳይጠጋጋ የቀረውን ቁጥር፣ ማለትም 76ን፣ በቀይ ማክበብ ነው። «80 አለኝ፣ 10 ብጨምር 90» የሚለው ስሌት ብዙ ሰው አሳዝኗል። የጆሮ ጩኸት በራሱ ከ10 አያልፍም። 76 ላይ 10 ሲጣመር 78 ነው፤ ያው 80። የ30 ማይግሬን ቢጨመር 83፤ አሁንም 80። 90 ለመድረስ 40 የሚሰጥ አዲስ ጉዳት ያስፈልጋል፤ ያኔ 86 ይሆናል። ልክ 90 ላይ ያለ ሰው ደግሞ 100 ለመድረስ ሌላ 50 ይፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ የትኛው ማመልከቻ ድካሙን እንደሚያወጣ ያሳያል። ድብርትንና ፒቲኤስዲን ለየብቻ ጠይቆ ሁለት ፐርሰንት መጠበቅም ከንቱ ነው፤ የአእምሮ ሕመሞች ምልክታቸው ስለሚደራረብ አንድ ላይ ተለክተው አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሥራ መያዝ ያቃተው ሰው ሌላ በር አለው፦ አንድ ጉዳቱ 60 ከሆነ፣ ወይም ከጉዳቶቹ አንዱ 40 ሆኖ ጥምሩ 70 ከደረሰ፣ በቅጽ 21-8940 የ100 ክፍያ መጠየቅ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ልለፍ።

ውዝፍ ክፍያ የሚታሰበው ኤፌክቲቭ ዴት ከሚባለው የመነሻ ቀን ነው። በመደበኛው ደንብ ይህ ማመልከቻው የደረሰበት ቀንና ጉዳቱ መኖሩ የታወቀበት ቀን ታይተው የኋለኛው ነው። ከጦሩ በተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ከተሰናበተ ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል። ከዚያ ውጪ ላለው ሰው ቀኑን ወደ ኋላ የሚያስይዝ መሣሪያ ኢንተንት ቱ ፋይል ነው፣ ቅጽ 21-0966። ማስረጃ አይጠይቅም፤ «ላመለክት ነው» ብሎ ቀን ማስያዝ ብቻ ነው። በ1-800-827-1000 ደውሎም ይያዛል። በድረ ገጹ ገብቶ ቅጽ 21-526ኢዜድን መሙላት ሲጀመርም ቀኑ ይያዛል። ሙሉው ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት።

ክፍያው ከመነሻው ቀን ሳይሆን ከሚቀጥለው ወር 1ኛ ቀን ይጀምራል። ሚያዝያ ብለን እንዳንደናገር በፈረንጁ ልጻፈው፦ ኤፕሪል 1 ያስያዘም ኤፕሪል 30 ያስያዘም ክፍያው የሚጀምረው ሜይ 1 ነው። ማርች 31 ያስያዘ ግን ኤፕሪል 1 ይጀምርለታል። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ቀን ላይ «ነገ እደውላለሁ» ማለት የአንድ ወር ደመወዝ ያስከፍላል።

የእኛ የ80 ፐርሰንት ሰው ኢንተንቱን ኤፕሪል 17፣ 2024 አስያዘ እንበል። ማመልከቻውን ኤፕሪል 2፣ 2025 አስገባ፣ ውሳኔው ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ወጣ። ተመኑ በየዓመቱ ዲሴምበር 1 ስለሚቀየር ወሮቹን በተመን ለይቼ እጽፋለሁ። ጥገኛ ለሌለው ሰው የ80 ፐርሰንት ክፍያ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በወር 1,995.01 ዶላር፣ ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ 2,044.89 ነበር። ከሜይ እስከ ኖቬምበር 2024 ሰባት ወር፣ 13,965.07። ከዲሴምበር 2024 እስከ ኦገስት 2025 ዘጠኝ ወር፣ 18,404.01። ጠቅላላው 32,369.08 ዶላር። የሴፕቴምበር ክፍያ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ በመደበኛው መንገድ ስለሚገባ ውዝፉ ውስጥ አልቆጥረውም፤ ሰው አንድ ወር ጎደለኝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ስለሚረሳ ነው።

ይኸው ሰው ማመልከቻውን ኤፕሪል 20 ቢያስገባስ? ኢንተንቱ ከሦስት ቀን በፊት ሞቷል። የመነሻው ቀን ማመልከቻው የገባበት ይሆንና ከሜይ እስከ ኦገስት አራት ወር ብቻ ይታሰባል፣ 8,179.56። ሦስት ቀን 24,189.52 ዶላር ዋጋ አወጣ ማለት ነው። ባይላተራሉ ተረስቶ 70 ቢሰጠው ኖሮ ውዝፉ 27,846.67 ይሆን ነበር፤ ልዩነቱ 4,522.41። የቀንና የፐርሰንት ስሕተት ሲነጻጸሩ የሚያሳዩት መጠን ይህ ነው።

አንድ ኢንተንት የሚያገለግለው አንድ ማመልከቻን ነው። የጆሮ ጩኸቱን ብቻ ቶሎ ልኮ ወገቡን በኋላ ያስከተለ ሰው፣ ለወገቡ የሚያዝለት ቀን ሁለተኛው ማመልከቻ የገባበት ነው። ሁሉንም ጉዳት በአንድ ቅጽ ላይ ዘርዝሮ መላክ ይሻላል። ጭማሪ የጠየቀ ሰው ደግሞ ውዝፉ በአሮጌውና በአዲሱ ተመን መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው፦ ከ50 ወደ 80 ከሆነ በዲሴምበር 2024 ተመን በወር 942.85። እንዲህ ያለው ሰው ጉዳቱ የባሰው ከማመልከቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ መሆኑ በሕክምና ወረቀት ከታየ ቀኑ እስከዚያ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ የድሮ የሐኪም ቀጠሮዎችን አትጣሉ።

ባንክ የገባው ከስሌቱ ካነሰ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ከጦሩ ሲወጣ የስንብት ካሳ የወሰደ ሰው እሱ እስኪመለስ ድረስ ሊያዝበት ይችላል። በናሽናል ጋርድ ወይም በሪዘርቭ ሥልጠና ላይ ያለ ሰው ለአንድ ቀን የሥልጠናውንም የቪኤንም ክፍያ መውሰድ አይችልም። ጠበቃ ካለ ቪኤ ራሱ ከውዝፉ 20 በመቶውን ቆርጦ ለጠበቃው ሊከፍል ይችላል፤ ከ32,369.08 ላይ 6,473.82 ነው። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማዘጋጃ ግን ማንም ገንዘብ እንዲቀበል ሕጉ አይፈቅድም። የቬተራን ማኅበራት በነፃ ይሠራሉ። «ከጭማሪው የስድስት ወር ክፍያ ስጠኝ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ማሳየት ነው።

ከ30 ፐርሰንት ጀምሮ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ጭማሪ አለ፣ ቅጽ 21-686ሲ። በአገራችን ሰው ዘንድ ብዙ ገንዘብ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ቅጹ ከውሳኔው ደብዳቤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከደረሰ ጭማሪው እስከ ሬቲንጉ መነሻ ቀን ይመለሳል (ትዳሩ ወይም ልጁ ከዚያ በፊት ከነበረ)፤ ከዘገየ ከቀረበበት ቀን ነው። ከአገር ቤት የመጣ የጋብቻ ወረቀት ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር መቅረብ አለበት፤ ትርጉሙ ደግሞ ቀኑን መለወጥ አለበት። ጥር 19 ቀን 2008 ዓ.ም. ጃንዋሪ 28፣ 2016 ነው፤ ተርጓሚው 2008ን እንዳለ ከተወው ጋብቻው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና ከኢሚግሬሽን ወረቀቱ ጋር ይጋጫል። ሚስት የአባቷን ስም መያዟም ጥያቄ ስለሚያስነሳ አንድ አረፍተ ነገር ማብራሪያ እጨምራለሁ። በልጃቸው የሚረዱ ወላጆችም በጥገኝነት ሊመዘገቡ የሚችሉበት ቅጽ አለ፣ 21ፒ-509፤ ገቢያቸው ይታያል።

ሁለቱ ወረቀቶች ከደብዳቤው ጋር ካልተስማሙ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለ። አዲስ ማስረጃ ካለ ሰፕለመንታል ክሌም (ተጨማሪ ማመልከቻ)፣ ቅጽ 20-0995። ማስረጃው ፋይሉ ውስጥ እያለ ስሌቱ ወይም ቀኑ ከተሳሳተ ሃየር ሌቭል ሪቪው (በበላይ ገምጋሚ እንደገና ማሳየት)፣ ቅጽ 20-0996፤ በዚህኛው ላይ አዲስ ወረቀት አይቀበሉም፣ በስልክ ማስረዳት ግን መጠየቅ ይቻላል። ወደ ቪኤ የይግባኝ ቦርድ የሚሄደው ቅጽ 10182 ነው። ዓመቱ ሳያልፍ እስከተቀጠለ ድረስ የመጀመሪያው መነሻ ቀን አይጠፋም። የስሌት ስሕተት ሲሆን ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ እኔ የምጽፈው ከሦስት መስመር አይበልጥም፦ «የቀኝና የግራ እግር የነርቭ ጉዳት እያንዳንዳቸው 20 ናቸው። በክፍል 4.26 መሠረት ተጣምረው 36፣ ከ3.6 ጋር 40 ናቸው። 50፣ 40 እና 20 ሲጣመሩ 76 ስለሚሆኑ ከኤፕሪል 17፣ 2024 ጀምሮ 80 ይታሰብልኝ።»